የሶሳማ ጉርሻ

ሕንድ አገር፣ ኮታያም ከተማ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ሶሳማ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክኒን አጉርሳለች። አጉርሳለች ነው የምላችሁ፣ ሰጥታለች አላልኩም። እናት ሩዙን በጣቷ አድበልብላ ልጇን እንደምታጎርስ፣ እሷም ክኒኑን በጣቷ ይዛ አፋቸው ውስጥ ታደርግላቸው ነበር፤ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው፣ በዚያው እጅ። እማማ ማሪያኩቲ የሚባሉት አሮጊትማ ከሷ እጅ ካልሆነ መድኃኒት አይውጡም። የሶሳማ ባል ሞቷል፣ ልጇ ዱባይ ነው፤ ከዚህ ሌላ የምትኮራበት ምን አላት?

ታዲያ ሊጂ የምትባል አዲስ ነርስ መጣች። ከእያንዳንዱ ሰው በፊትም በኋላም እጇን ትታጠባለች፣ ክኒኑን ሳትነካ በማንኪያ ትሰጣለች። የመጦሪያው ኃላፊ ደግሞ ሁሉም በተሰበሰበበት "እጅ መታጠብ ከሊጂ ተማሩ" አለች። ቅናት የሶሳማን አንጀት አሳረረው። ትናንት ከመጣች ልጅ እኔ ልማር?

"ቼቺ፣ ሳሙናው እዚህ አለ" አለቻት ሊጂ፣ እንደ ታላቅ እህት እያከበረቻት።

"ለራስሽ አስቀምጪው። እኔ ሽማግሌ አልጸየፍም።"

በዚህም አላበቃች። "ያቺ ልጅ ትጸየፋችኋለች፤ እጇን እንዲያ የምትፈትገው ለዚህ ነው፣ አትመኗት" እያለች ከአልጋ አልጋ ዞረች። ሊጂ "ለእናንተው ብዬ ነው" ብትል ማን ሰምቷት! ሁሉም ፊት ነሷት። ሶሳማ ደስ አላት፣ ምን ይደበቃል።

ዝናቡ እንደገባ አንድ አዛውንት ተቅማጥ ያዛቸው። ሶሳማ አንሶላቸውን ቀይራ፣ እጇን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ ማጉረሷን ቀጠለች። በሦስተኛው ቀን እሷ ከምታጎርሳቸው ሰባቱ በተቅማጥ ወደቁ፤ ሊጂ በማንኪያ ከምትሰጣቸው ግን አንድም ሰው አልታመመም። እማማ ማሪያኩቲ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሊጂ ነገሩን አላነሳችባትም። ሶሳማን ይበልጥ ያበገናት ይሄ ነው፤ ብትሰድባት ይቀላት ነበር።

እማማ የተመለሱ ዕለት ሶሳማ ቧንቧው ጋ ቆማ፣ ልክ ሊጂ እንደምታደርገው፣ በጣቶቿ መሃል ሳይቀር ታጠበች። ክኒኑን በማንኪያ ይዛ ቀረበች። አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋት የነበሩት እማማ ማንኪያውን ሲያዩ ዘጉት።

"አንቺም ተጸየፍሽኝ?"

"ኧረ እማማ! ለርስዎው ብዬ ነው።"

"ያቺም ልጅ እንዲሁ ትለን ነበር" አሉ እማማ። "አትመኗት ያልሽን አንቺ ነሽ።"

ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሶሳማ ማንኪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።