የሌለችው ዶሮ

ልጅ እያለሁ፣ ያልነበረች ዶሮ ሰርቀሻል ተብዬ ሌባ ሆኜ ቀርቻለሁ። ይህ ይመዝገብልኝ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ቦሌ ነው፤ ያኔ ገና ማሳ ሳለ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መምህሩ ዝም የሚሉበት፣ ክፍሉ ጠመኔና እርጥብ ጭቃ የሚሸትበት ጊዜ። የእኔ ዘመን ልጆች የግብረ ገብን ክፍለ ጊዜ ታስታውሳላችሁ። አንድ ቀን መምህራችን «ዛሬ ትምህርቱን በጨዋታ እናሳያለን» አሉና የምንጫወተውን ድርሻ አደሉን። የነጋዴው ልጅ አልማዝ፣ ጫማዋ የሚያብረቀርቀው፣ ዳኛ ሆነች። መምህሩ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «በላይነሽ ዶሮ ሌባ ትሁን፤ ልብስ መቀየር አያስፈልጋትም» አሉ። ልጆቹ በሳቅ አውካኩ። እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር የምታሳድገኝ።

ሌባዋ የምትናገረው ነገር አልተሰጣትም። ዳኛዋ ፈረደች፣ ደወል ተደወለ፣ ጨዋታው አለቀ። ለእኔ ግን አላለቀም። በእረፍት ገመድ ልዘል ስጠጋ «ዶሮ ሌባ መጣች፣ ኪሳችሁን ያዙ!» ይላሉ። የአልማዝ እርሳስ ሲጠፋ መጀመሪያ የተበረበረው የእኔ ቦርሳ ነው። እርሳሱ ከራሷ ወንበር ሥር ተገኘ፤ ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርቱን ተውኩት።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሶልያና እየዘለለች መጥታ «እማማ፣ ነገ ክፍል ውስጥ ድራማ አለን፤ እኔ ሌባ ነኝ!» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

«ማነው የመረጠሽ?»

«ቲቸር።»

ዩኒፎርሟን አገላብጬ አየሁ። ክርኑን የጣፍኩት እኔው ነኝ። ገብቶኛል፣ አልኩ በሆዴ።

በነጋታው ከመድኃኔዓለም ጀርባ ወዳለው ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። መምህርቷ ወጣት ናት፤ ፈገግታዋ በዛብኝ። «ሌባ የሚሆነው ልጅ በምን ተለይቶ ነው? በልብሱ ነው?» አልኳት።

«በየተራ ነው፣ እማማ። ገብተው ይዩ።»

በየተራ! ለሞኝሽ ንገሪ ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔን አልነቀልኩባትም።

ሶልያና ሻርፕ ጠቅልላ እንደ ዶሮ በብብቷ ይዛ ሮጠች። ተያዘች። ልጆቹ ሲስቁ ብድግ አልኩ። መምህርቷ ግን ሌባዋን ወንበር ላይ አስቀመጠችና «ጠይቋት» አለች።

«ለምን ሰረቅሽ?»

«እናቴ ታማ ሾርባ አማራት።»

«ለምነሽ አትወስጂም ነበር?» አለ ባለ ዶሮ የሆነው ልጅ።

«ለመንኩ እኮ! አንተ ራስህ አይደለህ ያባረርከኝ?»

ሳቁ ቆመ። በመጨረሻ ሶልያና ሻርፑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ «እኔ ሶልያና ነኝ» አለች። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሶልያና ነሽ!» አላት። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ኪሱን የያዘ ልጅ አላየሁም።

«አዩ እማማ? ስሙን መልሶ ሳይወስድ ከዚህ ወንበር የሚነሳ የለም» አለችኝ መምህርቷ።

«የእኔን ግን የመለሰልኝ የለም» አልኩና ታሪኬን ነገርኳት፤ ልጆቹም ሰሙ። በእኛ ጊዜ ዶሮዋ ሳትኖር ሌባነቱ እላዬ ላይ ቀረ፤ እነዚህ ሌባነቱንም ከሻርፑ ጋር መሬት ያስቀምጡታል።

መምህርቷ ወንበሩን ሳበችና ሻርፑን ሰጠችኝ። ጉልበቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ሻርፑን ወለሉ ላይ አኖርኩት።

«እኔ በላይነሽ ነኝ» አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ቀጠነ።

«እማማ በላይነሽ ነዎት!» አሉኝ።