ልመና የሌለበት ዘፈን

ላጤነት ለተመቸው ሰው የሚሆን የድሮ ዘፈን ከየት ይገኛል? ከሸክላ ማጫወቻዋ ስለማትለይ ባልደረቦቿ “ሸክላ” የሚሏት የራዲዮ አዘጋጅ፣ የእሁድ ጠዋት የላጤዎች ፕሮግራሟን ስትጀምር የገጠማት ችግር ይኸው ነበር። ራሷ ላጤ ናት፤ ደግሞም ተመችቷታል። የድሮ ዘፋኞች ግን ሁሉም “ካልመጣሽ ሞትኩ” ባዮች ናቸው። አለቃዋም፣ “ዘፈን ካጣሽ ሰዓቱን ለስፖርት እሰጠዋለሁ” ብሏታል።

ሸክላዎቹን እየገለበጠች ደጋግማ ስታዳምጥ አንድ ድንቅ ነገር አገኘች! ዘፋኙ ቢያለቅስም ሳክስፎኑና ከበሮው ይጨፍራሉ። ስለዚህ ልመናው ሳይጀምር መግቢያውን ብቻ ቆርጣ ወሰደች። የድምፅ ባለሙያው መግቢያውን እየደጋገመ አስረዘመላት፤ አድማጮች ደግሞ ስልክ እየደወሉ የራሳቸውን ግጥም ያዜሙበት ጀመር።

“አልጋው በሙሉ የኔ ነው!” ብሎ ዘፈነ አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ ዜማውን እየሳተ። ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ።

ቀጥሎ የደወለችው “እስከ መቼ ብቻሽን?” እያለች ሸክላን የምትጨቀጭቃት ታላቅ እህቷ ነበረች።

“ምነው እታለም፣ ዛሬም ባል አገኘሽልኝ?”

“ዝም በይ! ባሌ ልጆቹን ይዞ ወጥቷል። እስኪመለሱ እኔስ ላጤ አይደለሁም? በይ ዜማውን ክፈቺልኝ!”

ከመስታወቱ ማዶ አለቃዋ ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ እየመታ ነበር። ስለ ስፖርት ትንፍሽ አላለም።

አሁን ሸክላ እንደ እህቷ ላሉ የአንድ ጠዋት ላጤዎች ዜማ እያዘጋጀች ነው። ያስቸገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባልና ልጆች ተመልሰው በር ሲያንኳኩ ዘፈኑ ሳያስታውቅ ማለቅ አለበት።