ውሃው ሲተኛ

ስሙን አልጠራም። ለክብሩ ተጨንቄ አይደለም፤ በእኔ ጽሑፍ ውስጥ በስሙ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ሲቪል ምህንድስና እናስተምር ነበር፤ እሱ አለቃዬ ነው። ለመስኖ ጥናት ወደ ከሚሴ ስንወርድ አገሬ መሆኑን ያውቃል፤ ጨፋ ሜዳ ላይ ነው ያደግሁት። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። ከቦርከና ወንዝ ሞልቶ የወጣው ውሃ ሜዳውን አልብሶት፣ ደመናው ከእግራችን ስር ቀስ እያለ ያልፋል። ነጫጭ ወፎች ሰማይ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። የት ድረስ ምድር፣ ከየት ጀምሮ ሰማይ እንደሆነ አይለይም ነበር።

«ውሃው ለምን አይሄድም? ጠይቂልኝ» አለኝ።

የሜዳው ሽማግሌ በኦሮምኛ እስክተረጉምላቸው ሳይጠብቁ መለሱ። «ቢሻን ረፌ። ውሃው ተኝቷል፣ ጌታው።»

«እንግዲያው እንቀሰቅሰዋለን!» አለ።

«ምን አደረገዎት? ይተኛበት እንጂ!» አሉ ሽማግሌው፤ አብረዋቸው የቆሙት ገበሬዎች ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ «ውሃው ረግቷል፤ ማፋሰሻ ቦይ ያስፈልጋል» ብሎ ጻፈ።

ማታ እራት ላይ ነገርኩት። በእኛ አገር ውሃ ተኛ ከተባለ አፈሩ እስኪጠግብ ይተዋል፤ ከብትም አይነዳበትም። በጋ ላይ ሌላው አገር ሲደርቅ ሣር የሚገኘው እዚያ ነው። የአፈሩን እርጥበት ለክቼ ያገኘሁትም ይህንኑ ነበር።

«አንቺ የአገርሽ ነገር ሲነሳ ምህንድስናሽን ትረሺዋለሽ» አለኝና ሥጋውን መቁረጥ ቀጠለ።

ቦዩ ተቆፈረ። በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ሳያርፍ ወንዝ ገባ። በጋ ላይ ከአፋር ቆላ ከብት እየነዱ የመጡትን አርብቶ አደሮች የተሰነጠቀ መሬት ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ሽማግሌው አጠገባቸው ነበሩ።

«ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ቀሰቀሳችሁት፤ ሄደ» አሉኝ።

«ቀሰቀሳችሁት» ያሉት እኔንም ጨምረው ነው። ያቺን ቃል በአለቃዬ ሒሳብ ጽፌበታለሁ።

በዚያው ዓመት ጥናቱ አዳራሽ ውስጥ ሲቀርብ፣ «በቋንቋ የረዳችን እህታችን» ብሎ አስተዋወቀኝ። ተጨበጨበ። ተነሺ ቢሉኝም አልተነሣሁም።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ገበሬዎቹ የቦዩን አፍ ለመድፈን ተሰበሰቡ። የከፍታ መለኪያዬን፣ ሌቭሌን፣ ይዤ ሄድኩ። ድንጋዩ የት እንደሚጀምር፣ ጭቃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል እየለካሁ አሳየኋቸው፤ ውሃው ሞልቶ ሲተርፍ የሚወጣበትንም መንገድ አበጀሁለት። እሱ ደግሞ፣ ሕዝቡ ግንዛቤ ስለሌለው ፕሮጀክቱን አበላሸው ብሎ ጻፈ። የእኔ እጅ እንዳለበት አልነገርኩትም። እውነቱን ብነግረው በእልህ ሄዶ ቦዩን ያስከፍተው ነበር።

በበጋው ለማንም ሳልናገር ወረድኩ። ሣሩ ጭጋግ ለብሶ ነበር። ከብቶቹ እየገቡ ሲሄዱ መጀመሪያ እግራቸው ጠፋ፣ ቀጥሎ ሆዳቸው፤ በመጨረሻ ቀንዳቸው ብቻ በነጭ ነገር ላይ ሲንሳፈፍ አየሁ። ሣር የሚነጭ አፍ ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። በጭጋጉ ውስጥ ማንም አላወቀኝም፤ ማንም አላመሰገነኝም። ፀሐይ ጭጋጉን እስክታነሳው ድረስ እዚያው ቆየሁ።