መጨረሻቸው ኦሞድ ዘንድ የቀረ ተረቶች

ልጅ ሳለሁ ስለሰማኋቸው ተረቶች ስጽፍ አንዳንዱን ነገር አዛብቼ ይሆናል፤ ፋኖሱ በረንዳው ላይ ይሰቀል ወይስ መሬት ይቀመጥ እንደነበር እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። የተረቶቹን መጀመሪያ ግን አልረሳሁም። የሚያናድደኝ መጨረሻቸው ነው። ረስቼው ቢሆን ኖሮ እድሜዬን እወቅስ ነበር፤ ግን አልተነገረኝም።

ጋምቤላ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ አባቴ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ሆኖ በሚሠራበት ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ንጉሤ የጣቢያው ምግብ አብሳይ ነበር። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ሐረር በኩል ለኩባ ሐኪሞች ሲያበስል ቆይቷል። ሐኪሞቹ ሲመሽ ፊደል የተጻፈባቸውን ትናንሽ ጠፍጣፋ እንጨቶች ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል በመሥራት ይጫወቱ ነበር፤ ተጫዋች ሲጎድላቸው እሱን ከወጥ ቤት ይጠሩታል። «ረጃጅሙን ቃል እነሱ ወሰዱት፣ አጫጭሩን ለእኔ ተዉልኝ» ይለን ነበር። ከእነሱ የለቀመው እስፓኒሽ ከምድጃው ብዙም አይርቅም፤ ሳል ጨው፣ ፓን ዳቦ፣ ቴ ሻይ፣ አሆ ነጭ ሽንኩርት። ቢሆንም ሰሌዳው ሲሞላና ረጅም ቃል መግቢያ ሲያጣ፣ የእሱ ሁለትና ሦስት ፊደል ቃላት ጠባብ ቦታ ሁሉ ይገቡ ነበርና ሐኪሞቹን ያበሽቅ እንደነበር እየሳቀ ያወራናል።

ለእኛም ከሣጥን እንጨት ቆርጦ፣ በጋለ ምስማር ፊደል አቃጥሎ ሠራልን፤ የሚያውቃቸውን የእስፓኒሽ ቃላትም ያስተምረን ነበር። እኛ ማለት እኔና የጣቢያው ዘበኛ ልጅ ኦሞድ ነን፤ ኦሞድ አኙዋክ ነው፣ እኩያዬ ነበር። ያኔ ሙቀቱ ጋብ ሲል ጋሽ ንጉሤ ለወባ ትንኝ እርጥብ ሣር ፍም ላይ ይጥልና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ተረት ይጀምራል። ተረቱ ልብ በሚሰቅልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ሕጉ ይህ ነበር፦ ከዚያ በፊት ያልተቀመጠ የእስፓኒሽ ቃል ቀድሞ ሰሌዳው ላይ ላስቀመጠ መጨረሻውን በጆሮው ያንሾካሹክለታል፤ ሌላው ግማሹን ይዞ ቤቱ ይገባል። የሰማ ደግሞ ላልሰማ አይናገርም። «መጨረሻ የለፋበት ሰው ንብረት ነው» ይላል ጋሽ ንጉሤ። ከዚያ ፋኖሱን እያነሣ «በሉ፣ ኢር! ኢር!» ብሎ ወደየቤታችን ይበትነናል።

እኔ ረጅም ቃል ካልሆነ ደስ አይለኝም ነበር። ባገኝም ስህተት ቢሆንስ እያልኩ እንጨቶቹን በእጄ ሳገላብጥ ኦሞድ ጣል ያደርጋል። ሶልን ለፀሐይ፣ ሪዮን ለወንዝ፣ ሉስን ለብርሃን እሱ አስቀመጠ። «ረጅሙ» ብሎ ስም አወጣልኝ፤ ከእኔ ግን እሱ ይረዝም ነበር።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የአሣ አጥማጁ ተረት ነው። ባሮ በበጋ ደረቀና መንቀሳቀስ አቃተው፤ አሣ አጥማጁን መቅዘፊያህን አውሰኝ፣ ስሞላ እመልስልሃለሁ አለው። ሰውየው አዋሰ። ክረምት ሲገባ አንድ ምሽት ወንዙ ራሱ መጥቶ የሰውየውን በር አንኳኳ። ጋሽ ንጉሤ እዚያ ላይ ዝም አለ። ኦሞድ ኦላን አስቀመጠ፤ ማዕበል ማለት ነው። መጨረሻው በጆሮው ሲነገረው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። ለምንኩት፣ አንድ ቃል አልነገረኝም።

በኋላ አባቱ ወደ አቦቦ ተዛወረና ኦሞድም ሄደ። ጋሽ ንጉሤም አረፈ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከነኦሞድ ሳቅ ስተርክላት፣ ያን ተረት እንደገና የቀሰቀሰችብኝ የልጄ ልጅ ቤቲ ናት።

«ከዚያስ፣ አባባ? ማን በሩን ከፈተ?»

ወንዙ መቅዘፊያውን ከትልቅ አሣ ጋር መለሰለት ብዬ ከራሴ ጨመርኩ። ቤቲ ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ ያንተ ነው። ኦሞድ በዚህ አይስቅም።»

እውነቷን ነው። ቀጣዮቹን ምሽቶችም ያንኑ ጠየቀችኝ። ስለዚህ አቦቦ የሚመላለሰውን የሚኒባስ ሹፌር ከማልን ለመንኩትና ኦሞድን አፈላልጎ የስልክ ቁጥሩን አመጣልኝ። አልዌሮ ግድብ ላይ አሣ ያጠምዳል አለኝ። ደወልኩ።

«አንተ ረጅሙ! አልሞትክም?»

«ኦሞድ፣ ወንዙ በሩን ካንኳኳ በኋላ ምን ሆነ?»

«ቃል አስቀምጥ።»

«እባክህ፣ ሽማግሌ ሆነናል እኮ!»

«ጋሽ ንጉሤ ሕጉን ሽሯል?»

«ጋሽ ንጉሤ እኮ ሞቷል።»

«ታዲያ ማን ይሽረው?» አለና ያው የድሮ ሳቁን ለቀቀው።

ሶል አልኩት፣ የእኔ ነው አለ። ፓን አልኩት፣ እሱም የእኔ ነው አለ። ሌላ ሳስብ ኔትወርኩ ተቆረጠ። እኔም ተናድጄ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት፤ ከዚያ ተሰብሮ እንደሆነ ብዬ ደንግጬ አነሣሁት።

ከዚያ በኋላ ስንት ቃል አሰብኩ፤ ሁሉም ኦሞድ ያስቀመጠው ነው። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ቤቲ አልተኛም ስትለኝ፣ «በይ፣ ኢር!» የሚል ከአፌ ወጣ። ቁጭ አልኩ። ኢር፣ በእስፓኒሽ መሄድ። በየምሽቱ የምንሰማው፣ ግን ማናችንም ሰሌዳ ላይ ያላስቀመጥነው ቃል! ሁለት ፊደል! ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። መሄድ ነበረብኝ። ግን ዝናብ ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሰላም መሆኑንም ሳላጣራ አልነሣም አልኩና ጥቂት ይድረቅ ብዬ ጠበቅኩ።

ሁለቱን ፊደላት ከሣጥን እንጨት ቆርጬ ኪሴ ውስጥ ይዤ መናኸሪያ የሄድኩ ዕለት ከማል ከመኪናው ሳይወርድ አየኝ።

«ፋዘር፣ አይልፉ። የኦሞድ ቤት ተዘግቷል። ልጁ መጥቶ ወሰደው አሉ፣ አሞት ነው። ወዴት እንደሆነ ጎረቤቶቹም አያውቁም። ሲሄድ ግን፣ ረጅሙ ከመጣ ቃሉን አስቀምጦ ይጠብቀኝ ብሏል አሉኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ኦሞድ የሰማሁት የለም። እንጨቶቹን በማግስቱ ለከማል ሰጠሁትና ኦሞድ ደጃፍ ላይ አስቀመጠልኝ። ቤቲ ሲመሽ አሁንም ትጠይቀኛለች። ከራሴ መጨመር ትቻለሁ፤ ወንዙ ገና እያንኳኳ ነው እላታለሁ።