አፍልተን ያጠጣነው ውሃ

ታናሽ እህቴ ስትደውልልኝ የጠዋቱን የውሃ ናሙና ከበረዶው ሣጥን እያወጣሁ ነበር። «ነይ ብቻ» አለችኝ፤ «ልጁ ከንፈሩ ጠቁሯል።» በርዶት ይሆናል ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በሰኔ ድሬዳዋ ማን ይበርደዋል?

ሥራዬ ውሃ መመርመር ነው። ከቧንቧ፣ ከታንከርና ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ክሎሪኑን በክኒን እለካለሁ፤ ውሃው ሐምራዊ ካልሆነ ክሎሪን የለውም ማለት ነው። ጀርም ለመፈለግ ደግሞ ውሃውን በስስ ወረቀት አጣርቼ ወረቀቱን በሞቀ ሣጥን ውስጥ አሳድራለሁ። በማግስቱ ወረቀቱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ በቅሎ ካገኘሁ ውሃውን ሰገራ ነክቶታል። ይህን ሲያዩ መኖር ሰውን ፈሪ ያደርጋል። ቤቴ ውስጥ ያልፈላ ውሃ አይጠጣም። እህቴም አብራኝ ስላደገች ፍርሃቱ ተጋብቶባታል። የአተት ወሬ በተሰማ ቁጥር ድስቷ ከእሳት አይወርድም።

እንደደረስኩ ልጁን ከእጇ ተቀበልኩት። ገና ሁለት ወር ያለፈው ጨቅላ ነው። እሷ ጡቷ ቆስሎ ተቀድዶ ስለነበር በጡጦ ነበር የሚያድገው። አያለቅስም። እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው፤ ያ ጮሌ ልጅ እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፏል። ከንፈሩ የእስክሪብቶ ቀለም የነካው ይመስል ሰማያዊ ጥቁር ሆኗል። የጣቶቹን ጥፍሮች አየሁ፤ እነሱም እንደዚያው።

«ትኩሳት አለው?»

«የለውም። ተቅማጥም የለውም። ትናንት ደከም ብሎት ነበር፤ ሙቀቱ ነው ብዬ ነው እኮ…»

ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ያን ቀን መንገድ ላይ ነበር። ባጃጅ አስቁመን ወጣን። ባለ ባጃጁ ልጁን በመስታወት አየና ምንም ሳይጠይቅ በአስፋልቱ ግራ እየገባ ነዳው። እህቴ በየመሃሉ ጆሮዋን ልጁ አፍንጫ ላይ ታደርጋለች። እኔ እሷን እያየሁ፣ ፊቷ ላይ የሚመጣውን እጠብቃለሁ።

ሆስፒታል ተቀብሎ ያየን ወጣት ሐኪም ነው። ወዲያው ኦክስጅን አደረገለት። የከንፈሩ ቀለም ይመለሳል ብለን ሁላችንም አፈጠጥን። አልተመለሰም። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፤ ልቡም ሳንባውም ደህና ይመስላሉ አለ። ከዚያ ተረከዙን ወጋና አንድ ጠብታ ደም በነጭ ፋሻ ላይ አሳረፈ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ደም ቀይ ነው ብዬ ነው የማውቀው። ይሄ ግን ቡናማ ነበር፤ እንደ ቸኮላት። ሐኪሙ ፋሻውን አየር ላይ አወዛወዘው፤ ደሙ ወደ ቀይ አልዞረም።

«ጡት ይጠባል?» አላት።

«አይ ዶክተር፣ የዱቄት ወተት ነው።»

«በምን ውሃ ነው የምትበጠብጪለት?»

«በፈላ ውሃ! በደንብ አፍልቼ፣ ለረጅም ጊዜ አፍልቼ ነው» አለች፤ የተከሰሰች ያህል ደነገጠች።

«ውሃው ከየት የመጣ ነው?»

«ቧንቧው ከጠፋ ሰነበተ። ከጎረቤታችን ከሐጂ ግቢ ጉድጓድ ነው የምንቀዳው።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ምን እንደምሠራ ገና እንደገባን ነግሬው ነበር። ሁለታችንም አንድ ቃል አሰብን፤ እሱ ቀድሞ አወጣው። «ናይትሬት ቢሆንስ?»

ናይትሬት ከሽንት ቤትና ከከብት በረት የሚሰርገው ቆሻሻ መሬት ውስጥ ሲቆይ የሚሆነው ነገር ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። አዋቂ ሰው ብዙም ሳይሰማው ይጠጣዋል። ጨቅላ ሕፃን ሲጠጣው ግን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል፤ ልጁ እየተነፈሰ ይታፈናል። ነፍስ ያለው ነገር ስላልሆነ ክሎሪን አይገድለውም። ማፍላትማ ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ውሃው ተንኖ ሲሄድ እሱ ከታች እየጠነከረ ይቀራል።

ሐኪሙ ይህንኑ ለእህቴ በቀስታ አስረዳት። እሷ ግን አንዱን ብቻ ነው የሰማችው።

«ባፈላሁት ነው የባሰበት?»

ሐኪሙ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «እናት የምታደርገውን ነው ያደረግሽው» አላት። «አሁን መድኃኒት አለው። በደም ሥር የሚሰጥ ሰማያዊ መድኃኒት ነው፤ እዚህ አልቆብናል። ሐረር እየደወልኩ ነው።»

ሐረር ተገኘ። ወደ ድሬ የሚወርድ መኪና ይዞት ይመጣል ተባለ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት አውቀዋለሁ፤ የጫነ መኪና ከፊት ከገባ ማለፊያ የለውም። እህቴ ልጁ አልጋ ሥር ተንበርክካ «በቃ መጣ፣ መጣልህ» ትለዋለች። ከእሷ አጠገብ ልሆን ነበር። ሐኪሙ ግን ወደ በሩ ሸኘት አድርጎኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ውሃውን መርምሪልኝ፤ እርግጠኛ መሆን አለብኝ። ደግሞ በዚያ ጉድጓድ የሚጠቀሙ ሌሎች ሕፃናት አሉ?»

ይህን እስኪጠይቀኝ ድረስ አላሰብኩትም ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ከሐጂ ነው የሚቀዳው።

ከእህቴ ቤት ከጄሪካኑም፣ የልጁ ወተት ከሚበጠበጥበት ፔርሙዝም ቀዳሁ። ከጉድጓዱ ራሱ ደግሞ ጠርሙሴን በዚያው ውሃ ደጋግሜ አለቅልቄ ሞላሁ። አንዲት ሴት አጠገቤ ሁለት ጄሪካን እየሞላች ነበር። «ምነው አባዮ፣ ክፉ ነገር አለ?» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «አላውቅም፤ ግን ለጨቅላ አትስጡ» አልኳትና ሮጥኩ።

ላብራቶሪ ገብቼ በጥድፊያ የመጀመሪያውን ዱቄት መሬት ላይ ደፋሁት። ምርመራው ቀላል ነው። ውሃውን በቱቦ ትለኪያለሽ፤ ዱቄትና ክኒን ጨምረሽ ትንጪዋለሽ፤ እስኪጠል ትጠብቂያለሽ፤ ከላይ የጠራውን ቀድተሽ ሌላ ክኒን ትፈጪበታለሽ። ናይትሬት ካለው ይቀላል፤ በበዛ መጠን ይጠነክራል። ከጎኑ ምንም የሌለበት የተጣራ ውሃ አኖርኩ፤ ክኒኑ ራሱ ተበላሽቶ እንዳያታልለኝ። እነዚያ ደቂቃዎች አላልቅ አሉ። ባልሆነ እያልኩ ለመንኩ፤ ደግሞ ካልሆነ ልጁን ምን እንደያዘው አይታወቅምና፣ በሆነ እያልኩ ለመንኩ። ሁለቱንም አንድ ላይ እየለመንኩ ስልኬን እያየሁ ቆምኩ።

የተጣራው ውሃ እንደነጣ ቀረ። የጉድጓዱ ቀላ፤ ከመመዘኛው የመጨረሻ ቀለም አልፎ ሄደ። የፔርሙዙ ግን ከእሱም ብሶ ጠቆረ። የፈላው ማለት ነው። ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንሥቼ ሳየው እንባዬ መጣ፤ ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ያ ሁሉ ከሰል። ስህተት እንዳይሆን በተጣራ ውሃ አቅጥኜ ደገምኩት። ያው ነው።

ለሐኪሙ ደወልኩ። «ነው» አልኩት።

«መድኃኒቱ ደንገጎን እየወረደ ነው» አለኝ። «ልጁ አለ። አንቺ ሌሎቹን ፈልጊ።»

«አለ» የምትለው ቃል እንዲህ የምታስፈራ መሆኗን ያን ቀን አወቅሁ።

ሐጂን ታይዋን ገበያ ካለው ሱቁ ውስጥ አገኘሁት። የልብስ ነጋዴ ነው፤ ሽማግሌ ነው፤ ሁላችንንም ሴቶቹን እንደ ሶማሊ «አባዮ» ነው የሚለን። ጉድጓዱን ያስቆፈረው በሞተች እናቱ ስም ለሰደቃ ነው። የግቢው በር ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ቀን ሙሉ ክፍት ነው። እንዴት ብዬ እንደምነግረው መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጥቼ፣ ፊቱ ስቆም ሁሉም ጠፋኝ።

«ሐጂ፣ የእህቴ ልጅ ሆስፒታል ነው። ውሃው ነው። የጉድጓዱ ውሃ ነው።»

በእጁ የያዘውን ሸሚዝ አጣጥፎ አስቀመጠው። «ምን ብለሽ ነው አቦ? እኔ እጠጣዋለሁ፣ ልጆቼ ጠጥተውት አድገዋል። ወላሂ ጥርት ያለ ውሃ ነው።»

«ጥርት ያለ ነው። ለእርስዎ ብዙም አይጎዳም። ጨቅላ ነው የሚገድለው።»

«ገድሏል?» አለ፤ ከወንበሩ ተነሣ።

«ገና አይታወቅም።»

ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ያባርረኛል፣ የእናቴን ሰደቃ መርዝ ትያለሽ ይለኛል ብዬ። ያጣጠፈውን ሸሚዝ መልሶ ሲዘረጋው ሳይ ግን የፈራው ከእኔ ብሶ እንደሆነ ገባኝ። «ያ አላህ፣ በእናቴ ስም» ብቻ አለ። ከዚያ የሱቁን መዝጊያ ጎትቶ ወደታች አወረደው። «ነይ፣ ማን ማን ቤት ጨቅላ እንዳለ እኔ አውቃለሁ። በየቤቱ ልጅ ሲወለድ የታረደውን ስጋ በልቻለሁ።»

ቤት ለቤት ሄድን። እሱ በር ላይ ቆሞ በሶማሊኛ ይጀምራል፣ በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ እኔ በአማርኛ እጨርሳለሁ። ልጁን ወደ ብርሃን አምጡልኝ እላለሁ። ፊት አያስታውቅም፤ የከንፈርን ውስጥ፣ ምላስን፣ ጥፍርን ነው ማየት። እያንዳንዱን ከንፈር ገልጬ አያለሁ። ሮዝ ነው። ቀጣዩም ሮዝ ነው። ጡት የሚጠቡት ሁሉ ደህና ነበሩ። «ጡትሽን ብቻ ስጪው፣ ከጡት ሌላ ውሃም አትስጪው» እያልን አለፍን።

ከዚያ ከደረቁ ወንዝ ዳር ካለ አንድ ቤት ገባን። ወጣት እናት ናት፤ ጡጦው መስኮቱ ላይ ነበር። ሕፃኗ ተኝታለች።

«እሷ ደህና ናት» አለችን፤ «ረጋ ያለች ልጅ ናት፣ አታስቸግርም።»

ከንፈሯን ገለጥኩት። ሮዝ አልነበረም። እንደ አመድ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ያህል አልጠቆረም፣ ግን አመድ ነበር። እናቲቱ ከእኔ ፊት ላይ አነበበችውና መጮህ ጀመረች። ሐጂ ያገኘውን የመጀመሪያ መኪና አስቁሞ፣ ሕፃኗን ራሱ አቅፎ ከፊት ገባ። እናቲቱን ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሐጂ እስክንደርስ ድረስ ቁርአን በከንፈሩ ይቀራል፤ ድምፁ ግን አይሰማም ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ እህቴን ኮሪደሩ ላይ አየኋት። ቆማለች፤ እጇ ባዶ ነው። ልጁን አልያዘችም። የሆነው ሆኗል ብዬ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እየሮጠች መጥታ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። «ነይ እይው! አልቅሷል! እያለቀሰ ነው!»

መድኃኒቱ ከገባለት ብዙም አልቆየም። ከንፈሩ ቀልቷል። እጆቹን ጨብጦ፣ እግሩን እየወረወረ፣ ክፍሉን በጩኸት ሞልቶት ነበር። ተጎንብሼ ስስመው ጨርቁ በሽንት ረጥቧል፤ አረንጓዴ ሰማያዊ የሆነ ሽንት። እህቴ አይታ «ደግሞ ይሄ ምንድነው!» ብላ ጮኸች። ሐኪሙ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። መድኃኒቱ ነው፣ እየወጣ ነው አላት። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞሮ ማቆም አቃታት። ከሐረር ከመጣው መድኃኒት ለሁለተኛዋ ሕፃንም ደረሳት። እናትዋ እስኪመሽ ድረስ የሐጂን እጅ አልለቀቀችም። እሱ ግን ምስጋናዋን መቀበል አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ።

ከምሽቱ ሰላት በኋላ ሐጂ ለምኖ፣ ለጨቅላ ከጉድጓዱ ውሃ እንዳይሰጥ፣ ማፍላትም እንደማያድን ከመስጊዱ በሦስት ቋንቋ ተነገረ። በኋላ የጉድጓዱን ግድግዳ ቀለም አስቀብቶ ለዕቃና ለልብስ ብቻ ብሎ አስጻፈበት። ከውጭ በቦቴ የሚሞላ ትልቅ ሮቶም ግቢው ውስጥ ተከለ። ወደ ጉድጓዱ ቆሻሻውን የሚያሰርጉት በዙሪያው የተቆፈሩት የሽንት ቤት ጉድጓዶች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሰፈሩ ሲሞላ እነሱም ተጠግተውት ነበር።

እህቴ አሁን ውሃ ለማፍላት ምድጃ ስትለኩስ እጇ ያመነታል። የታሸገ ውሃ አምጥቼላት እንኳ «ይሄንንስ አይተሽዋል?» ትለኛለች። አያለሁ። ልጁ አድጎ መሮጥ ጀምሯል፤ ሲያልበውና ከንፈሩ ትንሽ ሲደርቅ ሁለታችንም እኩል እንነሣለን።

እኔ አለቃዬን ለምኜ፣ የቧንቧውን ብቻ ሳይሆን ሰው በግቢው ያስቆፈረውንም ውሃ መለካት ጀመርኩ። በቅርቡ ከከተማው ወጣ ብዬ ዋሂል ሄጄ ነበር። አንዲት እናት ጨቅላዋን ታቅፋ፣ ቱቦዎቼን ሣጥኑ ላይ ስደረድር አጠገቤ ተቀመጠች። የመጨረሻውን ክኒን ፈጭቼ ጨመርኩ። «ይሄ ውሃ ምን አለበት?» አለችኝ። ገና አላወቅሁም አልኳትና፣ ቱቦውን ከፀሐዩ ፊት ይዤ፣ እሷ ልጇን እያጠባች፣ ሁለታችንም ቀለሙን መጠበቅ ጀመርን።