ዳገት የወጣው የቴፕ ሞተር

ባለፈው ሰንበት ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ የመጣው የልጅ ልጄ በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ አንድ መጫወቻ ዘረጋ። የፕላስቲክ መንገድ ነው፤ መካከሉ ላይ ቀጭን ቦይ አለው፤ ትናንሽ መኪኖች ከሆዳቸው በወጣች ምላስ ቦዩን ይዘው ይሽቀዳደማሉ። ቀይዋ መኪና ሁልጊዜ ወደ ኋላ እየቀረች ልጁን አበሳጨችው። አባቱ መንገዱን ጠረገ፣ ጎማዋን ወለወለ፤ ለውጥ የለም። ጎንበስ አልሁና ከመንገዱ ሳላነሣት ጎማዋን በአውራ ጣቴ ገታ አድርጌ አዳመጥሁ። ድምፅዋ ወረደ፤ ወርዶም ቀረ። በጣቴ ስዳስሳት ትኩሳት አላት።

«ሞተሯ አብቅቷል፤ ቀይሩላት» አልኋቸው።

ልጁ አፍጥጦ አየኝና «አባባ፣ ይኼንንም ቤተ ክርስቲያን ነው የተማሩት?» አለኝ። ሳቅሁ። ነገሩ ግን እውነት ነበረው።

በወጣትነቴ ከቆቦ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ደብር ዜማ የምማር ዲያቆን ነበርሁ። ወዳጄ ሰይድ በአውራ ጎዳናው ዳር፣ በአጎቱ በሐጅ እንድሪስ ሱቅ ውስጥ ቴፕ ይጠግን ነበር። ያን ጊዜ ቴፕ የቤት ክብር ነው፤ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል። በአንዱ ቤት መዝሙር፣ በሌላው መንዙማ፣ በሁሉም ቤት የሠርግ ዘፈን ይሰማበታል። አዲስ ሞተር በአገሩ አይገኝምና ሰይድ ከሞቱት ቴፖች ትንንሾቹን ሞተሮች እያወጣ፣ ደህና የመሰለውን መርጦ ለታመመው ይገጥማል። ምርጫው ቀላል ነበር፤ ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኝቶ በባዶው ማሽከርከር። «ደብተራው፣ እስቲ ጆሮህን አውሰኝ» ይለኛል። ከፍ ባለ ድምፅ የሚጮኸው ብርቱ ነው እያልን ሁለታችንም እንስማማ ነበር።

በዚህ ሚዛን የተመረጠ አንድ ሞተር በጎረቤታችን በሮቢት ከተማ ሠርግ አበላሸ። ሙሽራይቱ ከቤት ስትወጣ ቴፑ ዘፈኑን እየጎተተ፣ እየጎተተ፣ በመጨረሻ ሙሾ አስመሰለው። ወሬው ከእንግዳው ቀድሞ ቆቦ ገባ፤ «ሰይድ የጠገነው ቴፕ ሙሽራ ያስለቅሳል» ተባለ። ደንበኛ ጠፋ። ሐጅ እንድሪስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ባዶ ሱቅ አይወዱም። «ልጄ፣ ሰው እምነቱን ካልመለሰልህ ሱቁን ለጨው ነጋዴ እሰጣለሁ። አንተም ማሽላው ሳይታጨድ ወደ እርሻው ትወርዳለህ» አሉት። ሰይድ በዚያ ሳምንት ጥንቅሽ ስንልጥለት እንኳ አልበላም።

የጎብዬው ቴፕ ጠጋኝ ኪሮስ ይህን ሰምቶ መልእክት ላከ። በሁለቱ ከተሞች ወጣቶች ዘንድ አንድ ጨዋታ ነበረ፤ የቴፕ ሞተርና ባትሪ በተጫነባት፣ ጎማዋ ከጠርሙስ ቆርኪ በተሠራ ትንሽ መኪና፣ ቦይ በተፈለፈለለት ሳንቃ ላይ መሽቀዳደም። «የእናንተን ሞተር ገበያው ፊት አምጡትና ከእኔ ጋር ይታይ» አለ። ብንቀር መሸነፍ ነው፤ ሄደን ብንሸነፍ የሱቁ ነገር ያበቃለታል።

ወሩ ጽጌ ነበር። በአንዱ ሰንበት ዋዜማ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ተማሪ ማኅሌት ላይ ሲያዜም ሰምቼ ለመምህሬ ለየኔታ «ድምፁ ጣራ ይነካል» አልኋቸው።

የኔታ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። «በዋዜማው ሁሉም መልአክ ነው። ጉልበት ሲከዳ፣ ከበሮው ሲከብድ፣ ያን ጊዜ ስማ። ወርዶ የሚመለሰውን ያዝ፤ ወርዶ የሚቀረውን አሳርፍ።»

ሲነጋጋ የዚያ ተማሪ ጉሮሮ ተዘግቶ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ የጀመሩት አረጋዊው የኔታ ግን ጥዋትም እዚያው ነበሩ። ነጠላዬን ሳላወልቅ ወደ ሰይድ ሮጥሁ።

«ወንድሜ፣ ተሳስተናል! በባዶው ሳይሆን ሸክም አሸክመን እንሞክራቸው።»

በጣሳ የነበሩትን ሞተሮች ሁሉ አወጣን። ዘንጋቸው ላይ ክር ጠምጥመን የሱቁን የብረት ቁልፍ አንጠለጠልን። ጩኸታሞቹ አንድ በአንድ አቃሰቱና ቆሙ፤ ሲዳሰሱም ያቃጥላሉ። አንድ ዝገት የበላው፣ ከጣሳው ሥር የተረሳ ሞተር ግን ቁልፉን ሲያነሣ ድምፁ ወረደ፤ ተመለሰ፤ ቀጠለ።

ሰይድ አቀፈኝ። «ይኼ እንደ የኔታህ ነው፤ አይጮህም፣ አይደክምም!»

ያን ሞተር በትንሿ መኪናችን ላይ ገጥመን በገበያው ቀን በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ጎብዬ ገባን። መንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላ እሸት ነው፤ የቆላው ፀሐይ ገና በረፋዱ አናት ይበሳል። ጨው የጫኑ የአፋር ግመሎች ሳይቀሩ የቆሙ እስኪመስል ድረስ ሰው ሳንቃውን ከብቧል። ሐጅ እንድሪስም ከኋላችን መጥተው ኖሮ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ኪሮስ ሳንቃውን መጨረሻው ላይ በድንጋይ ከፍ አድርጎ ዳገት ሠርቶለታል።

ተለቀቁ። የኪሮስ መኪና እንደ ተርብ እየጮኸች ሜዳውን ጨረሰች። የእኛዋ ከኋላዋ ታዘግማለች።

«የቆቦ ሰዎች፣ መኪናችሁ ክርስትና የምትሄድ አራስ ናት እንዴ?» አለ ኪሮስ። ገበያው ሳቀ።

ሰይድ ከንፈሩ ደርቆ «ያ ረቢ» ይላል፤ እኔም በልቤ «እመቤቴ» እላለሁ። ሁለቱም ጸሎት ወደ ላይ ሄደ። ዳገቱ ሥር ስትደርስ የኪሮስ መኪና ድምፅዋ ወረደ። እኩሌታው ላይ ቆመች፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተንሸራተተች። የእኛዋም ድምፅ ወረደ። ተመለሰ! እያጉረመረመች ወጣች፤ ጫፍ ደርሳም ከሳንቃው ማዶ አፈር ላይ ወደቀች። እልልታው ግመሎቹን አስበረገጋቸው።

ኪሮስ ጨዋ ሰው ነበር። የወደቀችውን መኪና አንሥቶ አቧራዋን እያራገፈ «እውነቱን ንገረኝ ሰይዶ፣ ምን አብልተኸው ነው?» አለ።

«ምንም። ዲያቆኑ ጾም አሳደረው!»

ሐጅ እንድሪስ ወደ ሰይድ ቀርበው «ከነገ ጀምረህ በጊዜ ክፈት» አሉት። ሳምንት ሳይሞላ ያ የሮቢት ቴፕ ተመልሶ መጥቶ ዝገታሙ ሞተር ተገጠመለት፤ ለሚቀጥለው ሠርግም ዘፈኑን እንደ ወጉ አደረሰ።

ሱቁ ዛሬም በዚያው ጎዳና ዳር አለ። ቴፕ ቀርቷል፤ የሰይድ ልጅ ዘይነባ የመስኖ ውኃ የሚስቡ ሞተሮችን ትጠግናለች፤ ባለ ሽንኩርት ገበሬዎች ከጎብዬም ከሮቢትም ተሸክመው ያመጡላታል። ማናቸውንም ሞተር ውኃ ሲስብ ሳታይ አትመልስም።

ዘንድሮ በጽጌ፣ ወጣቶቹ መዘምራን በትሕትና «መሪጌታ፣ እርስዎ ይረፉ፤ እኛ እናደርሳለን» አሉኝ። ይህን ለሰይድ ስነግረው እየሳቀ «ወላሂ ልክ ናቸው፤ አርጅተሃል» አለኝ። እኔ ግን መቋሚያዬን ይዤ ገባሁ። ድምፄ እንደ ጥንቱ ከፍ አላለም፤ ሌሊቱ ሲገፋም ወረደ። ጎሕ ሲቀድ፣ የጎልማሶቹ ጉሮሮ ሲሻክር፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁንና፣ ተመለሰ።