የሌማቱን ትርጉም ለመመለስ የደከሙት መምህር

መምህር አድማሱ ወርቄ ማረፋቸውን የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት በአባቴ ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ሳለ ነው። ጥሩምባ ነፊው በሰቆጣ ገበያ መግቢያ በኩል ስማቸውን እየጠራ ሲያልፍ ስኳሩን ባንኮኒው ላይ አፈሰስኩት። አባቴ ሚዛኑን ተቀበለኝና «አላህ ያጥናሽ ልጄ፤ ሂጂ፣ ይህ ለቅሶ ያንቺ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። መምህር አድማሱ በዩኒቨርሲቲ አስተማሪዬ ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ እስከ መጨረሻቸው ድረስ እንደ አባት የማከብራቸው፣ እንደ እኩያ የምጨቃጨቃቸው ሰው ነበሩ።

ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው። በቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ መልካም ነበር። በፃግብጂ ከካህን ቤተሰብ መወለዳቸውን፣ በልጅነታቸው ቅኔ መቁጠራቸውን፣ ኋላም በባህል ጥናት ብዙ ተማሪ ማፍራታቸውን ተናግሯል። የመጨረሻ ዓመታታቸውን የበላውን ጉዳይ ግን «በማኅበራዊ አገልግሎት» ብሎ አልፎታል። እኛ አገር ነገር ሲከብድ በጨዋ ቃል ሸፍኖ ማለፍ ወግ ነው። እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ዕቃውን ፈትቼ ካላሳየሁ አይሆንልኝም።

ትምህርታቸው ሥነ ምልክት ይባላል። ሰው ልብሱን፣ ምግቡን፣ ቤቱን፣ አቀማመጡን ሳይቀር እንዴት መነጋገሪያ እንደሚያደርገው የሚመረምር ትምህርት ነው። ሲያስተምሩ ከመጽሐፍ ይልቅ መንገድ ይወዱ ነበር። አንድ ጊዜ ለመስክ ሥራ ሰቆጣ ይዘውን መጡና አንድ ፎቶ ቤት አስገቡን። ደንበኞች የሚነሡበት ሸራ ላይ ባሕር፣ መርከብና የዘንባባ ዛፍ ተሥሏል። «ይህን የሣለው ልጅ ባሕር አይቶ አያውቅም። ታዲያ ከየት አመጣው?» አሉን። አንዱ ከፖስት ካርድ፣ ሌላው ከፊልም አለ። «ፖስት ካርዱስ ከየት አመጣው?» አሉ። እንዲህ እየጠየቁ ወደ ኋላ ወሰዱንና ምንጩ ጨርሶ ሲጠፋብን ሳቁ። «ድኅረ ዘመናዊነት እያልኩ የማሰለቻችሁ ይኸው ነው፤ የሥዕል ሥዕል፣ ባለቤቱ የማይታወቅ። ፎቶው ግን ለእናት ይላካል፤ እናት አይታ ታለቅሳለች። እንባዋ የውሸት ነው የሚል ካለ ከክፍሌ ይውጣ!» ባለ ፎቶ ቤቱ ነገሩ ባይገባውም ደስ ብሎት እሳቸውን ራሳቸውን በነፃ ባሕሩ ፊት አቁሞ አነሣቸው።

«አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ የመጣን ሰው፣ ሁለተኛውን የት ጥለህ መጣህ ብላችሁ ጠይቁት» የሚለው አነጋገራቸው በተማሪዎቻቸው ዘንድ ተረት ሆኖ ቀርቷል።

ደግነታቸው ድምፅ አልነበረውም። ገጠር ስንወርድ ከተማሪዎቹ ሁሉ እስላም እኔ ብቻ የሆንኩበት ጊዜ ብዙ ነው። የእኔ ምግብ ምን እንደሚሆን ሌላው ሰው ትዝ የሚለው ማዕድ ከቀረበ በኋላ ነበር፤ እሳቸው ግን ከመነሣታችን በፊት አስበውበት ያድራሉ። ለብቻዬ ስበላም ዳቧቸውን ይዘው አጠገቤ ይቀመጡና «ለብቻ መብላት ክብር የሚሆነው ባለቤቱ ሲመርጠው ነው። ሌላው ሲመርጥለት ስድብ ነው» ይሉኝ ነበር። ይህን የሚያውቁ ሰው ኋላ የምነግራችሁን ስሕተት መሥራታቸው እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ነገሩ የጀመረው በሰቆጣ ዙሪያ ባለች አንዲት መንደር ነው። ስሟን አልጠራም፤ እስካሁን የተጠራው ይበቃታል። የመንደሯ ሴቶች ሌማት ሲሰፉ፣ እንጀራ የሚያዝበትን ባለ ክዳኑን ስፌት ማለቴ ነው፣ በክዳኑ ጠርዝ ላይ ጥቁር ቀለበት ያዞሩና ሳይገጥሙ ክፍት ይተዉታል። መምህር እትዬ ብርነሽ የተባሉ ሰፊ ዘንድ ሄደው ምክንያቱን ጠየቁ። እትዬ ብርነሽ ከጎረቤታቸው ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ተሳሳቁና «እናቴም እንዲህ ትተወው ነበር፤ እኔም እተወዋለሁ» አሉ። መምህር ይህ መልስ አልበቃቸውም። በሌላ ቀበሌ ያገኟቸው አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ቆዳ ፋቂና ብረት ቀጥቃጭ የነበሩ ቤተሰቦች ዕቃቸው ድሮ በምልክት ይለይ እንደነበር፣ ሌላው ሰው በስሕተት እንዳይበላበት እንደሆነ ነግረዋቸው ነበር። መምህር ሁለቱን ወሬ አጋጠሙ። ክፍቱ ቀለበት የዚያ መለያ ትራፊ «ሊሆን ይችላል» ብለው ጻፉ፤ በሬዲዮም ተጠይቀው ይህንኑ ተናገሩ።

ገበያ ላይ «ሊሆን ይችላል» የሚባል ነገር አይሸጥም። በሳምንቱ ወሬው «ምሁሩ አረጋገጡ፤ ቀለበቱ ክፍት የሆነ ቤት ጠይብ ነው» ሆኖ ዞረ። ጠይብ የእጅ ሥራ ስም ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ተብሎ ከማዕድም ከጋብቻም የሚያስወጣ ስም ነው እንጂ። የእትዬ ብርነሽ ልጅ ሙሉ በኒሯቅ በኩል ላለ ልጅ ታጭታ፣ ለሠርጓ ጠላ ተጠንስሶ ነበር። የልጁ ሽማግሌዎች መጡ፤ ሌማቱን አዩ፤ ሳይቀመጡ ተመለሱ። በተከታዩ ወር ደግሞ የማኅበሩ ዝክር ተራ ለእትዬ ብርነሽ ደረሰ። ጎረቤት ሁሉ መጣ፤ ጸሎቱም ደረሰ። እህሉ ሲቀርብ ግን ሁሉም ባንድ አፍ «ጠግበናል» አለ። እዚያ አገር «ጠግበናል» ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው።

መምህር ይህን የሰሙ ዕለት ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔን አስከትለው ሄዱ። እትዬ ብርነሽ ደጃፍ ላይ ቆመው «እመቤቴ፣ አጥፍቻለሁ። የማላውቀውን ነው የተናገርኩት» አሉና እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሴትዮዋ ደንግጠው ያዟቸው።

«ኧረ በማርያም! ምነው ጌታዬ? እርስዎኮ የተማሩ ሰው ነዎት። እርስዎ ካሉት እኛ ምን እናውቃለን?» አሉ እትዬ ብርነሽ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እናቴ ዘራችንን ደብቃኝ ይሆናል» አሉ። ሙሉ ጓዳ ውስጥ ነበረች፤ አልወጣችም።

ስንመለስ መምህር ቁልቁለቱን ከጨረስን በኋላ ቆም አሉና «ሰማሽ ዘይነብ? እናታቸውን ነጠቅኳቸው» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ላጽናናቸው ይገባኝ ነበር ይባል ይሆናል። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፤ መናደዴም ልክ ነበር።

ያንኑ ሰሞን ሱቃችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ጠየቅኳቸው። «መምህር፣ ጽሑፍ አንዴ ከወጣ ደራሲው አይዘውም፣ ትርጉሙን የሚሠራው አንባቢው ነው ያሉን እርስዎ አይደሉም? እንግዲህ አንባቢው ሠራው። ምን ያንገበግብዎታል?»

አባቴ ከውስጥ ሆኖ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!» አለኝ። መምህር እጃቸውን አንሥተው «ይተዉአት» አሉ።

«ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ሥልጣኑ የለኝም። ጣጣው ግን የእኔ ነው» አሉ። ቀጠል አድርገውም «እኛ የቅኔ ቤት ልጆች ክፉ አመል አለብን፤ ወርቅ ፍለጋ ሰሙን ሁሉ አቅልጠን እንጨርሳለን። ሴትዮዋ ሰም ብቻ ነው አሉኝ፤ እኔ አላመንኳቸውም» አሉ።

እንደገና በሬዲዮ ቀርበው ተሳስቼ ነበር ብለው ተናገሩ። ማን ሰምቷቸው! አንዱ «አስፈራርተዋቸው ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «ሲጣራ እሳቸውም ከእነሱ ወገን ናቸው፤ ባይሆኑ ይህን ያህል ምን አንገበገባቸው?» አለ። ማስተባበያው ራሱ ማስረጃ ሆኖ ቁጭ አለ። ታላቅ ወንድማቸው መሪጌታ ላቀው ከፃግብጂ ድረስ መጥተው «የአባታችንን ቤት በጠይብ ልታስጠራ ነው? በል፣ ከነሱ አይደለሁም ብለህ ተናገር» አሏቸው። መምህር «አልናገርም። እንዲህ ማለት ከነሱ መሆን ነውር ነው ማለት ነው» ብለው መለሱ። ወንድማማቾቹ ከዚያ ወዲህ አንድ ማዕድ ላይ አልተቀመጡም።

ከዚህ በኋላ ነው መምህር ብዙዎቻችሁ በሹክሹክታ የምታወሩትን ነገር የጀመሩት። እትዬ ብርነሽን ለምነው ቀለበቱ ክፍት የሆነ ሌማት አሰፉ። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በማኅበር፣ በተጠሩበት ሁሉ ያንን ሌማት ተሸክመው እየሄዱ በሰው መካከል ከፍተው ይበሉ ጀመር። «ትርጉም በማስተባበያ አይሻርም። ሰው በሌላ መንገድ ሲኖርበት ብቻ ነው የሚለወጠው» ይሉ ነበር። ቀድሞ «ኧረ ወደ ላይ ይምጡ» ይባሉ የነበሩት ሰው በር አጠገብ ይቀመጡ ጀመር። አንድ ሠርግ ላይ አጠገባቸው የነበረ ሰውዬ ጋቢውን ሰብስቦ ሲነሣ በዓይኔ አየሁ። መምህር ወደ እኔ ፈገግ ብለው ቆረሱ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓይናቸውን ከሌማቱ አላነሡም። ጀግና ነበሩ ብዬ ልጽፍ እችል ነበር። ያየሁት ግን የሚያፍሩ፣ እያፈሩም የሚበሉ ሰው ነው።

አብረዋቸው የበሉ አልጠፉም። የቀድሞ ተማሪዎች፣ ጥቂት ጎረቤቶች፣ የጾም ምግብ ሲሆን ደግሞ እኔና አባቴ ከዚያ ሌማት በልተናል። ቢሆንም ልባቸው አላረፈም። «ምናልባት ሌላ ምልክት ፈጥሬ ይሆናል። ሰዉ ሌማቱን ሲያይ አሁን ‹ያ ያበደው ምሁር› ይላል እንጂ ሙሉን አያስባትም» አሉኝ አንድ ቀን። ሕመሙ ሲጠናባቸው እንኳ ከጠያቂ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ «የእትዬ ብርነሽን ልጅ ለጋብቻ የጠየቀ መጣ ወይ?»

አልመጣም ነበር።

ለቅሷቸው በዐቢይ ጾም ሆነ። እንደ አገሩ ልማድ ጎረቤት ሁሉ እንጀራና ሽሮ፣ ንፍሮም ይዞ ወደ ድንኳኑ መጣ። ከቀትር በኋላ እትዬ ብርነሽ ከነልጃቸው ገቡ። ልጅቷ ሙሉ በራሷ የተሸከመችውን ባለ ክፍት ቀለበት ሌማት አውርዳ ከሌሎቹ ሌማቶች ጋር አስቀመጠችው። አስተናጋጆቹ ሴቶች ግራና ቀኙን እያነሡ አቀረቡ፤ ያን ግን አልነኩም። እናትና ልጅ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ሁሉም አይቷል።

የመምህር እኅት እትዬ ጥሩ ከሐዘንተኞቹ መካከል ተነሡ። ማልቀስ ድምፃቸውን ዘግቶት ነበር። ሌማቱን ከፈቱ፤ ቆርሰው ጎረሱ፤ ከዚያ «ወንድሜ በዚህ ሲበላ ነው የኖረው። የወንድሜ ለቅሶተኛ የሆነ ይብላ» አሉና ወደ ሰዉ ያዞሩት ጀመር። እኔ ተቀበልኩ። አባቴ ተቀበለ። ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ተማሪዎቹ፣ አንዲት መነኩሲት ተቀበሉ። ሌሎች «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ። እትዬ ጥሩ ከመሪጌታ ላቀው ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ሁላችንም እሳቸውን አየን። መሪጌታ እንጀራውን ትክ ብለው ተመለከቱት፤ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና ወጡ።

መምህር፣ እርስዎን ሲሰናበቱ ሰው ሁሉ የሚያምር ነገር ተናግሯል። ሲያስተምሩኝ ካሳመርኩት ይልቅ እውነቱን ይወዱልኝ ነበርና እኔ ልዋሽዎ አልችልም። ሁሉም አልበሉም። ከተቀመጠው ሰው ግማሹ እንኳ መብላቱን እንጃ። ወንድምዎ ውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ፤ ለእርስዎ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም፤ ተመልሰው ግን አልገቡም። እትዬ ብርነሽ የተረፈውን ይዘው ወደ መንደራቸው ተመለሱ። እናታቸውን ግን መልሰው ያገኟቸው ይመስለኛል፤ ሲወጡ «እናቴ ምንም አልደበቀችኝም» ብለው ለእትዬ ጥሩ ሲነግሩ ጆሮዬ ሰምቷል። ሙሉን እስካሁን የጠየቃት የለም።

ይህን ሁሉ አስታቅፌ በሰላም ይረፉ ማለት ይከብደኛል። ግን በጣም ደክመዋል። ይተኙ፣ መምህር።